የወረርሽኝ ጊዜ አስቸኳይ የመንግሥት ድጋፍ፦ በአሜሪካ ያለ የማኅበረሰብ ድርጅት ከምዝገባ እስከ ሒሳብ ማወራረድ ምን ማድረግ አለበት

ማርች 27 ቀን 2020 የተፈረመው «ኬርስ አክት» የተባለው ሕግ ለስቴቶችና ለአካባቢ አስተዳደሮች የኮሮና ወጪ 150 ቢሊዮን ዶላር፣ በቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት (በተለምዶ «ሀድ» በሚባለው) በኩል ለሚሰጠው የማኅበረሰብ ልማት ድጋፍ ደግሞ 5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። በዓመቱ፣ ማርች 11 ቀን 2021፣ የ«አሜሪካን ሬስኪው ፕላን» ሕግ ለስቴቶች፣ ለካውንቲዎች፣ ለከተሞችና ለነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች 350 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከኢትዮጵያውያን ማኅበራት ጋር ተቀምጬ ማመልከቻ በመሙላት ብዙ ምሽት አሳልፌአለሁ፤ ድጋፉን በጊዜ ያገኙት ወረቀታቸው አስቀድሞ የተሰናዳላቸው ማኅበራት ነበሩ፤ ችግሩ የበረታባቸው ነገር ግን ወረቀት ያልነበራቸው ብዙዎቹ ዘግይተው አገኙ፣ ወይም ጭራሹን ሳያገኙ ቀሩ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ቀጣዩ ወረርሽኝ ወይም አደጋ ሲመጣ የእኛ ሰፈር አረጋውያን፣ የታክሲና የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ ሆቴል ጽዳት ላይ ያሉ እናቶች በወረቀት ጉድለት ምክንያት እንዳይጎዱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ

ኮንግረስ የሚያጸድቀው የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ በቀጥታ ወደ አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለስቴት፣ ለካውንቲ ወይም ለከተማ ያስተላልፋል፤ እነርሱም ከፊሉን በራሳቸው ሥራ ላይ ያውሉና ቀሪውን የማኅበረሰብ ድርጅቶች ተወዳድረው እንዲወስዱት ያወጡታል። በ2020 ከ150 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለመቀበል የቻሉት የአካባቢ አስተዳደሮች ከ500,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ብቻ ስለነበሩ፣ አነስተኛ ከተማ ውስጥ ያለ ማኅበር ስቴቱ ለከተማው እስኪያካፍል መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማኅበራችሁና የምታገለግሏቸው ሰዎች በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳሉ በትክክል መለየት ነው።

ይህ ቀላል ቢመስልም በእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ያሳስታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ብትሆንም የራሷ የከተማ አስተዳደርና ከንቲባ የላትም፤ ማመልከቻው የሚገባው ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በአንጻሩ ከማንኛውም ካውንቲ ውጭ የሆነች ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ መኖሪያዎች በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ይገኛሉ። አሌክሳንድሪያ ከተማ በሰጠው ገንዘብ ለፌርፋክስ ነዋሪ የቤት ኪራይ ብትከፍሉ ወጪው ተቀባይነት አጥቶ ገንዘቡን ከራሳችሁ ካዝና ልትመልሱ ትችላላችሁ። የእያንዳንዱን ተረጂ አድራሻ በፖስታ ኮድ ከመገመት ይልቅ ካውንቲው ወይም ከተማው ባዘጋጀው የአድራሻ መፈለጊያ ማረጋገጥ ይገባል።

አስተዳደራችሁን ከለያችሁ በኋላ የድጋፍ ማስታወቂያ በኢሜይል ለሚልከው ክፍል ተመዝገቡ፣ የአካባቢያችሁን የምክር ቤት አባል ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ተዋወቁ፣ በበጀት ላይ የሚደረጉ የሕዝብ ስብሰባዎችንም ተከታተሉ። በደጉ ዘመን ለ«ሀድ» ገንዘብ ዕቅድ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት ጊዜ 30 ቀን ሲሆን በኮሮና ጊዜ ወደ 5 ቀን እንዲያጥር ተፈቅዶ ነበር። አምስት ቀን ዜናውን ሰምቶ፣ ቦርድ ጠርቶ፣ ደብዳቤ ጽፎ ለማስገባት አይበቃም፤ በቦታው ላይ አስቀድሞ የሚታወቅ ሰው ያለው ማኅበር ግን ይደርስበታል። በዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶቻቸውን በአማርኛም ጭምር እንዲያዘጋጁ ስለሚያስገድድ፣ የአማርኛውን ቅጂ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ወረቀቱን በሰላሙ ቀን ማሰናዳት

በእኔ ግምት የሥራው ከግማሽ በላይ እዚህ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ማኅበሩ በስቴቱ የተመዘገበ፣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ባለ ዘጠኝ አሐዝ የአሠሪ መለያ ቁጥር ያለው፣ በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ የከፈተና «501 ሲ 3» በሚባለው ክፍል ከግብር ነጻ የሆነ መሆን ይኖርበታል። ዓመታዊ ገቢያችሁ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ከ50,000 ዶላር እንደማይበልጥ የምትገምቱና ንብረታችሁም ከ250,000 ዶላር በታች ከሆነ፣ ጥቂት ሌሎች መስፈርቶችን እስካሟላችሁ ድረስ ረጅሙን የማመልከቻ ቅጽ ትታችሁ አጭሩን፣ «1023 ኢዚ» የሚባለውን፣ መሙላት ትችላላችሁ። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ግዴታ በብዛት ይዘነጋል፦ ገቢው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር እንኳ በየዓመቱ «990 ኤን» የተባለውን አጭር የኤሌክትሮኒክ ቅጽ መላክ አለበት፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልላከ ከግብር ነጻ መሆኑ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይሰረዛል። መሰረዛቸውን ያወቁት ድጋፍ ለመጠየቅ በተነሡበት ሳምንት የሆኑ ማኅበራትን አይቻለሁ፤ በዚያ ሰዓት የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ «ሳም ዶት ጎቭ» በሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ታወጣላችሁ። ይህ መለያ ከኤፕሪል 4 ቀን 2022 ጀምሮ የቀድሞውን የ«ዳንስ» ቁጥር ተክቷል። ገንዘቡን በካውንቲ ወይም በከተማ በኩል ለሚቀበል ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ መለያው ብቻ ይበቃል፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት በቀጥታ ለማመልከት ግን ሙሉውን ምዝገባ መጨረስና በየዓመቱ ማደስ ግዴታ ነው። ምዝገባው በነጻ ነው፤ «እናስመዘግባችሁ» ብለው በመቶዎች ዶላር የሚጠይቁ ኢሜይሎች ከመንግሥት የተላኩ አይደሉም።

የእኛ ማኅበራት በዚህ ምዝገባ ላይ የሚሰናከሉበት የታወቀ ነገር የስም አጻጻፍ ነው። አብሬ የሠራሁት አንድ ማኅበር ስሙ ውስጥ «ማኅበር» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል በስቴቱ ምዝገባ በአንድ ዓይነት፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በሌላ ዓይነት፣ በባንኩ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ነበር። ለሚያነበው ሐበሻ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ስለነበሩ ማረጋገጫው ደጋግሞ ተመለሰ፣ ማመልከቻውም በዚያው መካከል ተዘጋ። ዛሬውኑ ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ፤ ልዩነት ካለ በስቴቱ የተመዘገበውን ሕጋዊ ስም መነሻ አድርጋችሁ ሌሎቹን አስተካክሉ።

አድራሻም ሌላው እንቅፋት ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ ቋሚ አድራሻ አይቆጠርም፤ በሰብሳቢው ቤት አድራሻ የተመዘገበ ማኅበር ደግሞ ምርጫ በተደረገ ቁጥር ሰነዱ ሁሉ ይዛነፋል። የሚቻል ከሆነ ቋሚ ቢሮ፣ ካልሆነም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሌላ ተቋም በጽሑፍ የፈቀደውን አድራሻ ተጠቀሙ። የማኅበሩ ተጠሪ ሆኖ በግብር መሥሪያ ቤቱ የተመዘገበው ሰው ሲቀየርም በ60 ቀን ውስጥ በቅጽ 8822 ቢ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በተጨማሪ የሚከተሉት በአንድ ዶሴ ውስጥ፣ በወረቀትም በኤሌክትሮኒክም፣ ዝግጁ ሆነው መቀመጥ አለባቸው፦ የመተዳደሪያ ደንቡ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የሒሳብ መግለጫ፣ የኃላፊነት መድን ማስረጃ፣ ለማመልከትና ውል ለመፈረም ሥልጣን የሚሰጥ ቃለ ጉባኤ፣ እንዲሁም የጥቅም ግጭት ፖሊሲ። የመጨረሻው ለይስሙላ የሚጻፍ አይደለም። ሽሮ፣ በርበሬና ጤፍ የሚገዛው ከሰፈሩ መደብር ነው፤ የመደብሩ ባለቤትም ብዙ ጊዜ የቦርድ አባል ወይም ዘመዱ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ያ አባል በውሳኔው ላይ ድምፅ አለመስጠቱና የሌሎች መደብሮች ዋጋ መጠየቁ በቃለ ጉባኤ ካልሠፈረ፣ ግዢው በቅን ልቦና የተደረገ ቢሆንም ማስረዳት ከባድ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ገና ያልተሟላለት ማኅበር ተስፋ መቁረጥ የለበትም። የተሟላ ሰነድ ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ ሒሳቡን እንዲይዝ፣ ሥራውን ግን እናንተ እንድትሠሩ በጽሑፍ መስማማት ይቻላል። በስምምነቱ ላይ አጋሩ ለአስተዳደር የሚወስደው መቶኛና ገንዘቡን ለእናንተ የሚለቅበት የቀን ገደብ በግልጽ ይጻፍ።

የችግሩን ልክ ማሳየት

«ሕዝባችን ተቸግሯል» የሚል ማመልከቻ እውነት ቢሆንም ነጥብ አያስገኝም። ገምጋሚው የሚፈልገው ስንት ሰው፣ የት፣ በምን ምክንያት የሚለውን ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በየዓመቱ በሚያካሂደው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት ላይ በትውልድ አገር፣ በዘር ሐረግና በቤት ውስጥ በሚነገር ቋንቋ የተለዩ ሠንጠረዦች አሉ። ሦስቱ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ የትውልድ አገር ሠንጠረዡ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን አይቆጥርም፣ የቋንቋው ሠንጠረዥ ደግሞ አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች ተዛማጅ ቋንቋዎች ጋር አንድ ላይ ያጠቃልላል። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጻፉ፤ ትልቁን ቁጥር መርጦ ምንጩን መሸፈን ታማኝነትን ያሳጣል።

ከዚህ ጋር የራሳችሁን ማስረጃ አቅርቡ። በሳምንት ስንት ስልክ ተደወለላችሁ፣ ስንቱ ስለ ኪራይ፣ ስንቱ ስለ ሥራ አጥነት ክፍያ፣ ስንቱ ስለ ክትባት ነበር? ስልክ የሚያነሣው በጎ ፈቃደኛ ቀኑን፣ የጥያቄውን ዓይነትና የሰፈሩን ስም በደብተር ቢመዘግብ በአንድ ወር ውስጥ የትኛውም ጥናት የማይሰጣችሁ መረጃ በእጃችሁ ይገባል። በ2020 የግል ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች፣ የታክሲና የኡበር ሹፌሮችን ጨምሮ፣ ልዩ የሥራ አጥነት ክፍያ ተፈቅዶ ነበር፤ ብዙ ወገኖቻችን ግን ቅጹን በራሳቸው መሙላት አቅቷቸው ወደየማኅበሩ ይደውሉ ነበር። ስለዚህ ከምግብ እደላ ባልተናነሰ፣ ምናልባትም በበለጠ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ደመወዝ እንድትጠይቁ እመክራለሁ። አንድ በትክክል የተሞላ ቅጽ ለአንድ ቤተሰብ ከብዙ የምግብ ካርቶን የሚበልጥ ገቢ ያስገኛልና።

በጀቱን መሥራት

እያንዳንዱ ወጪ ወረርሽኙን ከመከላከል፣ ለእርሱ ከመዘጋጀት ወይም ለእርሱ ምላሽ ከመስጠት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር መያያዝ መቻል አለበት። ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊትም የሚያፈሰውን የአዳራሽ ጣሪያ በዚህ ገንዘብ ማደስ አይቻልም። በ«ሀድ» በኩል በመጣው የኮሮና ገንዘብ ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች መጥቀም ነበረበት፤ ይህም ማለት ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ከ80 በመቶ የማይበልጥ ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የመሳሰለው አስቸኳይ ክፍያ በተለመደው ሕግ እስከ ሦስት ወር ሲሆን በኮሮና ጊዜ እስከ ስድስት ተከታታይ ወር ተፈቅዷል፤ ክፍያውም በቀጥታ ለአከራዩ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው የሚገባ እንጂ ለተረጂው በእጅ የሚሰጥ አልነበረም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ለ120 ቤተሰቦች ለአራት ወር በወር የ100 ዶላር ምግብ 48,000 ዶላር ይሆናል። በሳምንት 20 ሰዓት ለ16 ሳምንት በሰዓት 25 ዶላር የሚሠራ አስተባባሪ 8,000 ዶላር፣ አሠሪው ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር የሚከፍለው 7.65 በመቶ ድርሻ 612 ዶላር፣ ለስልክና ለኅትመት 1,388 ዶላር ቢጨመር ድምሩ 58,000 ዶላር ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ነገር ግን የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመድን ክፍያ የመሳሰሉት ከአንድ ሥራ ጋር ብቻ የማይያያዙ ወጪዎች አሉ፤ የፌዴራል ደንቡም ለእነዚህ ወጪዎች ከመንግሥት ጋር የተደራደረበት ተመን ለሌለው ድርጅት ቀድሞ እስከ 10 በመቶ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ እስከ 15 በመቶ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት 8,700 ዶላር ተጨምሮ ጥያቄው 66,700 ዶላር ይደርሳል። መቶኛው የማይሰላባቸው የወጪ ዓይነቶች ስላሉ ማስታወቂያውን አንብቡ፤ ሆኖም የሚገባችሁን ሳትጠይቁ በነጻ ጉልበት ብቻ ለመሥራት መሞከር ገንዘብ ያዡንና ጸሐፊውን አድክሞ ሪፖርቱን ያበላሻል።

ማስገባትና ውሉን ማንበብ

ማመልከቻውን ቢያንስ ከመዝጊያው ሁለት ቀን በፊት አስገቡ፤ በመጨረሻው ሰዓት ድረ ገጹ ይጨናነቃል፣ የተያያዘ ሰነድም ሳይጫን ይቀራል። መልሶቹን በአማርኛ አስቦ በአማርኛ ጽፎ ከዚያ መተርጎም ሐሳቡን ያጠራል፤ የመጨረሻውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን የማኅበሩን ሥራ የማያውቅ ሰው አንብቦ የተረዳውን መልሶ ይንገራችሁ።

ድጋፉ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣውን ውል በደስታ ሳታነቡት አትፈርሙ። ሦስት ነገር ፈልጉበት። አንደኛ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይሰጣል ወይስ አውጥታችሁ ደረሰኝ ስታቀርቡ ይተካል? የካውንቲ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ የሁለት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ከየት እንደምታገኙ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ወይም ከፊሉ ቅድሚያ እንዲከፈል በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በውሉ ላይ የተጠራው መርሐ ግብሩን ለሌሎች እንደሚያስፈጽም «ንዑስ ተቀባይ» ነው ወይስ ራሱ በወረርሽኙ እንደተጎዳ «ተጠቃሚ»? በ«ሬስኪው ፕላን» ገንዘብ ንዑስ ተቀባይ የፌዴራል የሒሳብ ደንቦችና የኦዲት ግዴታ ሲኖሩበት ተጠቃሚው አልነበሩበትም። በዓመት ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ 750,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ ያወጣ ድርጅት ልዩ ኦዲት ያስፈልገው ነበር፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሚገቡ የበጀት ዓመታት ጣሪያው 1,000,000 ዶላር ሆኗል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ እስከ መቼ መውጣት አለበት? የ«ሬስኪው ፕላን» ገንዘብ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 በውል ወይም በግዢ ትእዛዝ መያዝ፣ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ድረስ ደግሞ ተከፍሎ ማለቅ ነበረበት፤ ካውንቲዎች ለማኅበራት የሰጡት ቀን ግን ከዚህ ሊቀድም ስለሚችል የሚገዛችሁ የራሳችሁ ውል ነው።

እርዳታውን ማደል

እድር ለአባላቱ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ግን ለሕዝብ ነው። ይህን ልዩነት ለአባላት በስብሰባ ላይ በግልጽ መንገር የሰብሳቢው ግዴታ ነው፤ አለዚያ መዋጮ ያልከፈለ ጎረቤት ከአባል እኩል ሲረዳ ቅሬታ ይነሣል። መስፈርቱን አሟልቶ የመጣ ሰው የሌላ ብሔር፣ የሌላ ሃይማኖት ወይም የሌላ አገር ተወላጅ ስለሆነ ሊመለስ አይችልም። የእምነት ተቋማትም ድጋፉን መቀበል ይችላሉ፤ ሆኖም በቀጥታ የተሰጠ የፌዴራል ገንዘብ ለጸሎትና ለስብከት ሊውል አይችልም፣ እደላውም ከአምልኮው በሰዓት ወይም በቦታ የተለየ መሆን አለበት፣ ተረጂውም በአምልኮው እንዲካፈል አይገደድም።

ሌላው ትልቅ ጥንቃቄ አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ እንዳይሸፈን ነው። አንድ ቤተሰብ 4,500 ዶላር የኪራይ ውዝፍ ኖሮበት ስቴቱ 3,000 ከከፈለለት እናንተ መክፈል የምትችሉት 1,500 ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተረጂ ከሌላ ቦታ ያገኘውን እንዲገልጽ የሚያደርግ አንድ ገጽ ቅጽ፣ ገቢውንም የሚያረጋግጥበት ፊርማ ያስፈልጋል። ከተጠየቀው በላይ የግል መረጃ አትሰብስቡ፤ የሰበሰባችሁትንም ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ ሰው ደፍሮ የሚመጣው ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ሲያምን ነው።

ሒሳብ ማወራረድ

ለድጋፉ የተለየ የባንክ ሒሳብ ቢከፈት ከሁሉ ይቀላል፤ ካልተቻለም በሒሳብ መዝገቡ ላይ የራሱ መለያ ይሰጠው፤ ከእድር መዋጮም ሆነ ከበዓል ገቢ ጋር አይቀላቀል። ከሰፈር መደብር የሚገኘው በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ የመደብሩን ስም፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት ሊይዝ ይገባዋል፤ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አይበቃም። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ በወራት ውስጥ ስለሚጠፋ በተገዛበት ቀን ፎቶ አንሡት። የስጦታ ካርድ ከታደለ የካርዱ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ ቀኑም በዝርዝር ይመዝገብ፤ ሠራተኛው ከሁለት ድጋፎች የሚከፈለው ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ የሠራው ሰዓት ተለይቶ ይያዝ።

ሪፖርቱን በየወሩ አዘጋጁ፤ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ለመሥራት የሚተው ሒሳብ ሁልጊዜ ጉድለት ይገኝበታል። ያልወጣ ገንዘብ ካለ በጀቱን ለማሻሻል ከመዝጊያው ቢያንስ ሁለት ወር በፊት ጠይቁ፣ ካልተፈቀደም መልሱ። በፌዴራል ደንብ ሰነዶቹ ከመጨረሻው ሪፖርት በኋላ ለሦስት ዓመት ይጠበቃሉ፤ የ«ሬስኪው ፕላን» ገንዘብ ግን ለአምስት ዓመት እንዲጠበቁ ይጠይቃል።

አምስት ዓመት በማኅበራችን ልማድ ሁለትና ሦስት የቦርድ ምርጫ ማለት ነው። ስለዚህ ተሰናባቹ ገንዘብ ያዥ ዶሴውን፣ የ«ሳም» ምዝገባውን የአስተዳዳሪነት መብትና የባንኩን ፊርማ ለተተኪው ሲያስረክብ ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይፈረም። የ«ሳም» መግቢያ ከአንድ ግለሰብ ኢሜይልና ስልክ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ሰይሙ፤ ያ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ቢዛወር ወይም ቢታመም ማኅበሩ በአስቸኳዩ ሳምንት በሩ ተዘግቶበት እንዳይቆም።